በማን ስንዝር?

ባለቤቴ የአምስተኛ ክፍል አስተማሪ ነበረች። ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። ሰው ስለ እሷ ሲጠይቀኝ ብዙ ማውራት አይሆንልኝም፤ ያቺን ዓርብ ብቻ እነግረዋለሁ።

ዓርብ የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ለግንባታ አድርጋው ነበር። ልጆቹ አራት አራት እየሆኑ ከተጠቀለለ ጋዜጣና ከክር ማማ ይሠራሉ። ማስመሪያ ክልክል ነው። "ማስመሪያ ካለ እርስ በርስ አይነጋገሩም" ትል ነበር። ንግግሩ ግን ሦስት ክፍል አልፎ ይሰማል። በመጨረሻ የርዕሰ መምህሩ ትዕግሥት አለቀና፣ "ዛሬ አንድ ማማ እንኳ ይህን መዝገበ ቃላት ተሸክሞ እስከ ደወል ከቆመ ሰዓቱ የእርስዎ ነው፤ አለዚያ ለሒሳብ ማጠናከሪያ እወስደዋለሁ" አሏት።

በዚያው ቀን ክሩን ቤት ረስታው ሄደች። ይዤላት ሮጥኩ፤ ከዚያ መጨረሻውን ሳላይ ወደ ቤት መመለስ አላስቻለኝም፤ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ርዕሰ መምህሩ ጥግ ላይ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል።

የመጀመሪያው ማማ መዝገበ ቃላቱ ሳይነካው ተጎነበሰ። ሁለተኛው ትንሽ አሰበና ተዘረረ። ሌሎቹም ተከታተሉ። የቀረው የመስኮት ዳሩ ቡድን ነው፤ አራቱ ልጆች የማማውን አራት እግር ተከፋፍለው፣ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ሠርተዋል። አያይዘው ሲያቆሙት እንደ ሰካራም ወደ አንድ ጎን ዘመመ።

"ያንተ እግር ነው ያበላሸው!" አለች ከአራቱ አፈኛዋ፣ ቀውላላውን ልጅ።

"የኔ? የኔማ ከሁሉም ያምራል! የእሷ ነው ያጠረው።"

"ሦስት ስንዝር ተባለ፣ ሦስት ስንዝር ሠራሁ" አለች ከሁሉም ትንሿ፣ እንባዋ ቀርቦ።

ነገሩ ገባኝና ብድግ ልል ስል ባለቤቴ አጠገቤ ደርሳ ኮቴን ያዘችው።

"ቁጭ በል አንተ። ከነገርካቸው ማማው ያንተ ይሆናል።"

"ሰዓትሽን ሊወስዱብሽ ነው እኮ!"

"ይውሰዱ" አለች። ኮቴን ግን አልለቀቀችም፤ ጨምድዳ ይዛዋለች።

ያኔ አራተኛው ልጅ፣ ሰዓቱን ሙሉ ትንፍሽ ያላለው፣ "በማን ስንዝር?" አለ።

አራቱም እጃቸውን ዘርግተው አዩ። ቀውላላው መዳፉን ከትንሿ መዳፍ ጋር ገጠመ።

"ውይ! ይሄ እጅ ነው አካፋ?" አለች አፈኛዋ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ሁሉም በትንሿ ስንዝር እንዲቆረጥ ተስማምተው ማማውን ፈቱት። ቀውላላው የሠራውን እግር ደረቱ ላይ አቀፈ። "በይ ለኪ" አላት በመጨረሻ፤ "ግን ከታች ነው የሚቆረጠው፤ አናቱን እንዳትነኪብኝ!" ትንሿ ምላሷን ከጥርሷ መሀል አውጥታ አራቱንም አንድ በአንድ ለካች፤ ቆርጠው መልሰው አሰሩት።

መዝገበ ቃላቱ ተቀመጠ። ማማው ሲጥ አለና ቆመ። ደወሉ ግን አልመጣም። ብንጠብቅ፣ ብንጠብቅ የለም።

"ጋሼ" አለች አፈኛዋ በሹክሹክታ፣ "ደወሉን የሚደውለው ማነው?"

ርዕሰ መምህሩ ግንባራቸውን መቱ። "እኔ ነኝ ለካ!"

የደወሉ ቁልፍ ያለው ቢሯቸው ነው፤ የክፍሉ ወለል ደግሞ ሲረግጡት የሚነቃነቅ ጣውላ ነው። እኚያ ግዙፍ ሰው ጫማቸውን አወለቁና በካልሲ፣ በእግር ጣታቸው እየረገጡ ወጡ። ደወሉ ጮኸ። ጫማቸውን በእጃቸው እንደያዙ እያለከለኩ ተመለሱ።

"ቆሟል?"

"ቆሟል!" አለ ክፍሉ በአንድ አፍ፤ ከዚያ በተነሣው ዝላይ ማማው ተናደ፤ ዞር ብሎ ያየው እንኳ የለም።

"ሰዓቱ የእርስዎ ነው" አሉ ርዕሰ መምህሩ ጫማቸውን እያሰሩ።

"ጫጫታውም?"

"ጫጫታውም።"

ሰዓቱ እስከ መጨረሻ ዓመቷ ድረስ የእሷ ሆኖ ቆየ።

ያን ቀን ወደ ቤት ስንሄድ፣ ርዕሰ መምህሩ በካልሲ እንዴት እንደተራመዱ መንገዱ መሀል እየሄደች አሳየችኝ። መንገደኛው ሁሉ ዞር እያለ ያያል።

"ኧረ ተይ፣ አስተማሪ ነሽ እኮ!" አልኳት።

"እስከ ሰኞ አይደለሁም" አለች።