አውራውን ቀይሩት

አየር ጤና፣ የዶሮ እርባታ ስልጠና ላይ አሰልጣኙ ሳይፈለፈል የቀረ እንቁላል ሰበረ። ሽታው ወደ ልጅነቴ፣ ቀራንዮ ወዳለው የእናቴ ጓሮ ወሰደኝ።

ዶሯችንም አውራችንም እግራቸው ከማጠሩ የተነሳ ሆዳቸው መሬት ይጠርግ ነበር። እማዬ «አጥር አይዘሉም» እያለች ትኮራባቸዋለች። ባስታቀፈች ቁጥር ግን ጥቂት እንቁላል ሳይፈለፈል ይሾቃል። አንድ ቀን ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች የታቀፈችውን ዶሮ ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ሁለቱም ድንክ ናቸው፤ አውራውን ቀይሩት» አሉ። በዚያው ሰሞን አምስት እንቁላል ሾቀ።

«በዓይኗ በላቻቸው!» አለች እማዬ። ከዚያ ወዲያ እሳቸው ሲመጡ ቅርጫቱን በነጠላ እንሸፍን ነበር። እኔም መንገድ ላይ ከኋላቸው «ቡዳ!» ብዬ ጮኼባቸዋለሁ። ዞረው አዩኝና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

አሰልጣኙ ቀጠለ፦ «የእግር ማጠር በዘር ይወረሳል። ከእናትም ከአባትም የወረሰው ጫጩት እዚያው እንቁላሉ ውስጥ ይሞታል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ አውራውን መቀየር።»

ወጣሁና ለእማዬ ደወልኩ። የሰማሁትን አንድ በአንድ ነገርኳት። እትዬ ዘነበች ያሉት ልክ ነበር አልኳት።

«እሷ እንኳ ሞታለች፤ ነፍሷን ይማር» አለች። «ዓይኗ ግን አይጣል ነበር።»

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በእናቴ ጆሮ ላይ ስልክ ዘጋሁ።