ኳስ የሌለው ሯጭ

የልጄ ልጅ በአንድ ኮሌጅ ቡድን ውስጥ የአሜሪካ እግር ኳስ ይጫወታል። ሦስተኛ ዓመቱ ላይ ቡድኑን ለቅቆ ወደ ሌላ ኮሌጅ ለመዛወር አሰበ። እናቱ እንዲቆይ ፈለገች። እኔ በመካከላቸው የገባሁት ልጄ ስለጠየቀችኝ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ሌክ ሲቲ ሰፈር ወዳለው አፓርታማዬ መጣች፤ ኮቷን ሳታወልቅ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እማ፣ እኔን አይሰማኝም። አንቺ ብትነግሪው ይቆያል።»

«ምን ብዬ?»

«አንድ ዓመት ነው የቀረው። ሌላ ቦታ ሲሄድ የወሰዳቸውን ኮርሶች በሙሉ ላይቀበሉት ይችላሉ። ለኳስ ብሎ ትምህርቱን ሊያበላሽ ነው።»

«ለምን እንደሚሄድ ነግሮሻል?»

«ኳስ አይሰጡኝም ነው የሚለው። ሶ? ባይሰጡትስ? ቡድኑ ውስጥ ነው፤ ይጫወታል፤ ያሸንፋሉ።»

አየዋለሁ አልኳት። እነግረዋለሁ አላልኩም። እሷ ግን እንደተስማማሁ ቆጥራ ሄደች።

ጨዋታውን የማየው ከመጀመሪያ ዓመቱ ጀምሮ ነው። ልጄ ኤቨረት ከተማ ስለምትሠራ ቅዳሜ ብዙ ጊዜ ፈረቃ ይደርሳታል። ጨዋታዎቹ ቴሌቪዥኔ ላይ እንዲቀዱ አድርጋልኛለች፤ እንዴት ወደ ኋላ እንደሚመለስና እንደሚቆምም አሳይታኛለች። መጀመሪያ ምንም አይገባኝም ነበር። ሰዎች ይሰለፋሉ፣ ይጋጫሉ፣ ይወድቃሉ፣ ተነሥተው እንደገና ይሰለፋሉ። ቀስ በቀስ ሥርዓቱ ገባኝ። ኳሱን የያዘው ቡድን አራት ሙከራ አለው። በአራቱ ውስጥ አሥር ያርድ ወደ ፊት ከሄደ ሌላ አራት ይሰጠዋል፤ ካልሄደ ኳሱ ወደ ሌላው ቡድን ያልፋል። የቀረው ሁሉ እነዚያን አሥር ያርዶች የማግኘት ብልሃት ነው።

የተጫዋቾቹ መጠሪያ በእንግሊዝኛ ነው፤ ስላልተመቸኝ የራሴን አወጣሁላቸው። መሀል ቆሞ ኳሱን ለሌሎች የሚሰጠውን አከፋፋይ አልኩት። ከፊቱ የሚደረደሩትን አምስት ግዙፍ ልጆች ግንብ አልኳቸው። ዳር ዳር ቆመው ኳስ የሚወረወርላቸው ተቀባዮች ናቸው። ከአከፋፋዩ አጠገብ ቆሞ ኳሱን ከእጁ የሚቀበለውና በግንቡ ክፍተት የሚሾልከው ሯጭ ነው። የልጄ ልጅ ሯጭ ነው።

የማይበት መንገድ ከሥራዬ የመጣ ነው። አዲስ አበባ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ረጅም ዓመት ጥራት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ሸሚዝ ሲመጣልን መጀመሪያ ገልብጠን ውስጡን ነበር የምናየው። ፊቱ ሁልጊዜ ያማረ ነው፤ የሳተ ስፌትና የላላ ክር የሚገኘው ከውስጥ ነው። ኳስም ላይ ይህንኑ አደረግሁ። አንዴ ኳሱን ተከትዬ አያለሁ፤ ከዚያ መልሼ ኳስ የሌላቸውን ብቻ አያለሁ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የቡድኑ ማጥቃት በሩጫ ላይ የቆመ ነበር። ግንቡ ወደ አንድ ጎን ይገፋል፣ ልጁ ኳሱን ይዞ ይከተላል፤ ሦስት ያርድ፣ አራት ያርድ፣ አንዳንዴ ሃያ። አያምርም፣ ግን ይሠራል። በሦስተኛው ዓመት አዲስ የማጥቃት አሠልጣኝ መጣ። ተቀባዮቹን ከሁለት ወደ አራት አሳደጋቸው፤ በሜዳው ስፋት ልክ በተናቸው፤ አከፋፋዩም ኳሱን ቶሎ ቶሎ እንዲወረውር አደረገ። ተከላካዮቹ እነሱን ፍለጋ ሲበተኑ ሜዳው ይከፈታል። ጥሩ ዘዴ ነው። አከፋፋዩ እጁ ፈጣን የሆነ፣ የማይደነግጥ ልጅ ስለነበር እሱን ይዞ ሌላ ዘዴ መምረጥ ሞኝነት ይሆን ነበር። ቡድኑም ከበፊቱ ይልቅ ማሸነፍ ጀመረ።

የተጎዳው ሯጩ ነው። ሥራው መሮጥ መሆኑ ቀርቶ ዘብ መቆም ሆነ። ከተቃራኒ ቡድን አንዱ ግንቡን አልፎ ወደ አከፋፋዩ ሲመጣ የልጄ ልጅ መንገዱ ላይ ቆሞ ይከላከላል። ኳሱን የሚነካው በአንድ ጨዋታ ጥቂት ጊዜ ብቻ ሆነ።

ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ይህን የተረዳ ሰው አልነበረም። የእናቶች የጸሎት ኅብረታችን ረቡዕ ረቡዕ ይገናኛል። የኅብረቱ መሪ ድምጿ ጎርናና የሆነ ሴት ናት። ልጁ ኳስ እንደማይሰጠው ከልጄ ከሰማች ጀምሮ በየሳምንቱ «ጌታ ሆይ፣ ኳሱን በእጁ አድርግለት፤ የከለከሉትን አንተ ተመልከት» ትላለች። እኛ አሜን እንላለን። አሁን የተሰጠው ሥራ ኳስ መያዝ እንዳልሆነ ላስረዳት ሞክሬ ነበር።

«እህቴ፣ እርስዎ ደግሞ እምነትዎን ያበርቱ እንጂ» አለችኝ።

ጥቅምት ውስጥ አንድ ቅዳሜ ልጄ እረፍት ስለነበረች እናቶቹን ማውንትሌክ ቴራስ ወደሚገኘው ቤቷ ጠራቻቸው። ሰባት ሴቶች ሶፋና ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን። ግጥሚያው ተቀራራቢ ነበር። ወደ መጨረሻው ላይ አከፋፋዩ ረጅም ወረወረ፤ ተቀባዩ ይዞ መስመሩን አለፈ፤ ነጥብ ሆነ። ነገር ግን ኳሱ ገና አየር ላይ ሳለ ዳኛው ቢጫ ጨርቅ አውጥቶ ሜዳው ላይ ጥሎ ነበር። ካሜራው የልጄን ልጅ ለብቻው አሳየ።

«ሸለሙት!» አለች መሪያችን ብድግ ብላ። «ሻሽ ጣሉለት! አያችሁ ወይ የጸሎትን ነገር!»

እልልታው ቤቱን ሞላው። አንዷ እናት የራሷን ሻርፕ አውልቃ ቴሌቪዥኑ ላይ ልታለብስ ሄደች። ሌላዋ ስልኳን አውጥታ ቀረጸችን።

«ኧረ ተዉ፣ ቅጣት ነው!» እያለች ልጄ ከኩሽና ወጣች። የሰማት የለም።

ነጥቡ ተሰረዘ፤ ቡድኑ አሥር ያርድ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ በጨዋታውም ተሸነፈ። የልጄ ልጅ የተቀጣው ሊያልፈው የነበረውን ተጫዋች ማልያውን ጨምድዶ ስለያዘ ነው። የተቀረጸው እልልታ ግን በዚያው ቀን ደርሶት ኖሯል። በማግስቱ ደወለልኝ።

«እማማ፣ ማን ነው እልል ያለው?»

«እኔ የለሁበትም።»

«ጌሙን ያስበላሁት እኔ፤ እናንተ ሠርግ ደገሳችሁ!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። «እማማ፣ ጌሞቹን በደንብ እይልኝ። ማሚ ቆይ ትላለች፤ ጓደኞቼ ሂድ ይላሉ። ሁሉም የሚነግረኝ ራሱ የሚፈልገውን ነው። ጎበዝ ነኝ ወይስ አይደለሁም? እሱን ብቻ ንገሪኝ።»

«የምትወስነው መቼ ነው?»

«ሲዝኑ እንዳለቀ። መዛወር የሚፈልግ ስሙን የሚያስገባበት ጊዜ አጭር ነው። ካለፈ አለፈ።»

አንድ ደብተር ያዝኩና የዓመቱን ጨዋታዎች ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ኳስ ሲይዝ አንድ ምልክት፣ ዘብ ሲቆም ሌላ ምልክት አደርጋለሁ። ዘብ ሲቆም ከተሳካለት ከምልክቱ ሥር አሰምርበታለሁ።

ኳስ ሲይዝ የድሮው ልጅ ነው። በሁለተኛው እርምጃ ክፍተቱ የት እንዳለ አውቆታል። ዘብ ሲቆም ግን የሁለት ሰው ሥራ ይመስል ነበር። አንዳንዴ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ፣ እግሩን ተክሎ፣ ከእሱ የሚበልጠውን ሰው ባለበት ያቆመዋል። አንዳንዴ ደግሞ ያለ ምክንያት ይዘገያል። ድካም ነው ብዬ ነበር፤ ነገር ግን በጨዋታው መጀመሪያም ይዘገያል። የግራ ጎኑ ነው ብዬ ነበር፤ በቀኝም አየሁት። ሁለት ሳምንት ገደማ እግሩን ሳይ ቆየሁ። ከዚያ እግሩን ትቼ የራስ ቁሩን ማየት ጀመርኩ።

እያንዳንዱ ሙከራ ሲጀመር ራሱን ወደ አከፋፋዩ እጅ ያዞራል። ኳሱ ለእሱ እንዳልታሰበ ያውቃል፤ ከመሰለፋቸው በፊት ተነግሮታል። ቢሆንም ያያል። ዐይን ጨፍኖ እስከመግለጥ ያህል ነው፤ ግን የሚመጣው ሰው እስከዚያ ደርሷል። ቢጫው ጨርቅ የተጣለበትም በዚህ ነው። ዞር አለ፣ ሰውየው አለፈው፣ ማልያውን ያዘ። ሌላም ነገር ነበር። ይህ መዞር በመስከረም አልፎ አልፎ ነው የታየው። በኅዳር ግን በየጨዋታው ነበር። ዘብ መቆምን እየለመደ ሲሄድ መቀነስ የነበረበት ጨምሯል።

ሲዝኑ ባለቀ በሳምንቱ መጣ። ሶፋዬ ላይ ሲቀመጥ ለሌላ ሰው ቦታ አይተርፍም፤ እኔ ወንበር ሳብኩ።

«ጥሩውን ላስቀድም?»

«ኖ፣ መጥፎውን።»

ጨዋታውን ከፈትኩና አቆምኩት። «ራስህን እይ» አልኩት። መለስኩት። ሌላ ጨዋታ ከፈትኩ፤ እንደገና «ራስህን እይ» አልኩት። በአራተኛው ላይ እጁን አፉ ላይ አደረገ።

«ኮቹ እግርህ ነው ይለኛል።»

«እግርህ ደህና ነው።»

«ሶ፣ ይታረማል?»

እዚህ ላይ አዎ ብለው ይበቃ ነበር። ልጄ የምትጠብቀው ያችን አንድ ቃል ነው፤ ውሸትም አትሆንም፤ ሰው ብዙ ነገሩን ያርማል። ግን ከዚህ በፊት ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኩት።

«ፋብሪካው ውስጥ መጀመሪያ ቁረጣ ላይ ነበርኩ» አልኩት። «ጨርቁን አንጥፈን፣ ልኩን አስምረን የምንቆርጠው እኛ ነበርን። አንድ መስመር ከተሳተ ያ ሁሉ ጨርቅ ይበላሻል። ማሽን ሲገባ ወደ ቁጥጥር አዛወሩኝ። ጎበዝ ተቆጣጣሪ ነበርኩ፤ ይመሰክሩልኝ ነበር። ግን በቀን ስንት ጊዜ ወደ ቁረጣው ጠረጴዛ ዞሬ እንደማይ የማውቀው እኔ ነኝ።»

«ለስንት ዓመት?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

ደብተሬን አንሥቶ ገለጠው። ከዚያ «ማሚ ታውቃለች?» አለኝ።

«ጠይቃኝ አታውቅም።»

«ሶ፣ ሂድ ነው የምትዪኝ?»

«አላልኩም። የአሠልጣኙ ዘዴ ጥሩ ነው። አንተም ጎበዝ ነህ። ዘዴው አንተ የምትወደውን ሥራ የለውም። ከሄድክ ትምህርትህ ይጓተታል፤ እናትህ ያለችው እውነት ነው። ያየሁትን ነው የነገርኩህ።»

የደብተሩን ገጾች በስልኩ አነሣቸው። ስሙን ያስገባው በአራተኛው ቀን ነው።

ልጄ ስትሰማ መጣች። አሁንም ኮቷን አላወለቀችም።

«ቆይ በይው ነበር ያልኩሽ!»

«አየዋለሁ ነበር ያልኩሽ።»

«አንቺ ደግሞ መቼ ነው አሠልጣኝ የሆንሽው? ለአንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው አያት ዝም ብለሽ ብትመርቂው ምን ነበረበት?»

 ያለችው ስህተት አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሁለት እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን የወሰደችኝ ሬዲዮ ከፍታ ነው። በሦስተኛው እሑድ ስንመለስ አፓርታማዬ ፊት ለፊት ፓርክ አድርጋ ሬዲዮውን ዘጋች።

«ቁረጣ ላይ እንደነበርሽ ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ያደርግልሻል ብዬ።»

«ለእሱስ ምን አደረገለት?»

«እሱን ገና አላውቅም» አልኳት።

ከከተማችን በስተምሥራቅ ካሉት ተራሮች ማዶ ያለ አነስ ያለ ኮሌጅ ተቀበለው። ልጄ እንደፈራችው አንዳንዶቹን ኮርሶች አልቆጠሩለትም፤ ግማሽ ዓመት ተጨመረበት። የአዲሱን ቡድን ያለፈ ዓመት ጨዋታዎች አየሁ። ማጥቃታቸው በሩጫ ነው፤ ግንባቸው ግን ቀርፋፋ ነው። አከፋፋያቸው ሲጨንቀው ኳሱን ወደ ሰማይ ይወረውራል። ከበፊቱ ያነሰ ቡድን መሆኑን ማንም ያየዋል።

በጸደይ ልምምድ እንደጀመሩ ደወለልኝ።

«ከሯጮቹ በተራ ስንተኛ ነህ?»

«አራተኛ።»

«ከስንት?»

«ከአራት።»

አይዞህ አላልኩትም። «ኳሱን ስትቀበል ደረትህን ቀና ታደርጋለህ፤ ዝቅ በል» አልኩት።

«እኔ? አላደርግም!»

«ታደርጋለህ። አንደኛ ዓመት ላይ አታደርገውም ነበር።»

«ኦኬ፣ ኮች» አለኝ። ድምፁ ደህና ነበር።

ልጄ በማግስቱ ስትጠይቀኝ እንዳለ ነገርኳት።

«አራተኛ?»

«አራተኛ።»

«ለዚህ ነው ግማሽ ዓመት የከሰረው?»

«ለዚህ ነው።»

ከዚያ በአዲሱ ኮሌጁ ሜዳ ላይ የሚጫወቱባቸው ቅዳሜዎች የትኞቹ እንደሆኑ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። ስልኳን አውጥታ ፈለገች፤ ቀኖቹን አገኘቻቸውና በእነዚያ ቀኖች ፈረቃ እንዳይመድቧት ለአለቃዋ እዚያው ቁጭ እንዳለች ጻፈች።