አግቤኮ ሳያስረው ያነሣው ድር

አግቤኮ ዓይኑ መጥፋቱን ለማንም ትንፍሽ አላለም። የሸማኔዎች መንደር በሆነችው በክፔቶዬ ሸማኔ ዓይኔ ደከመ ካለ ሰዉ እንደ ሞተ ነው የሚያዝንለት፤ እሱ ደግሞ ኩራት ራቱ ነው። ከኩራቱ ላይ ተቀንሶ ትንሽ ብልሃት ቢጨመርለት ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ።

እናቱ ዳዳ አብላቪ ጓዳ ተኝታ ነፍሷን ይዛ የምትጠብቀው አንድ ነገር ነበር፤ ልጇ በእጁ የሸመነውን ለብሳ መቀበር። ዕድሜዋን ሙሉ ክር ስታጠነጥንለት የኖረች ሴት ይህን ብትጠይቅ ማን ይፈርድባታል?

በማለዳ ግቢው ውስጥ ካስማዎቹን ተከለ። የያዘው ነጭ ክር ብቻ ነበር። ለአሮጊት ነጭ ይበቃታል ብሎ አውርቷል፤ እውነቱ ግን ቀለም መለየት ስለተሳነው ነው። ከካስማ ካስማ እየተመላለሰ ድሩን ማድራት ጀመረ። ጎረቤቱ ሸማኔው ክዋሲጋ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ።

«ኤፎ፣ ወንድሜ አግቤኮ! ክሩን እንደ ገበያ ፍየል ትዳብሰዋለህሳ፤ ልትገዛው ነው?»

«አንተ የራስህን ጠብቅ። ያንተን ጨርቅ እንኳን ሰው ፍየልም አይነካው።»

ክዋሲጋ እየሳቀ ሄደ። የአግቤኮ ጀርባ ግን በላብ ርሷል።

የቀረው ቀላሉ ነበር። በመጨረሻዎቹ ሁለት ካስማዎች መካከል ክሮቹ አንዱ በላይ አንዱ በታች እየሆኑ ይተላለፋሉ። ድሩ ከመነሣቱ በፊት በዚያ መተላለፊያ ግራና ቀኝ ሲባጎ ይገባል፤ የክሩን ተራ የሚጠብቀው እሱ ነው። ይህን ጀማሪ እንኳ አይስተውም። አግቤኮ ሲባጎውን አስገባ፣ ቋጠረ፣ ድሩን አነሣ። ድሩ እጁ ላይ ተዘረገፈ። ሲባጎው የገባው ከመተላለፊያው ውጭ ኖሯል።

ተንበርክኮ ጫፍ ፈለገ። አንዱን ክር ሲስብ ሌላው ይጠብቃል። ቤት ውስጥ ሌላ ክር የለም፤ ዳዳም ለነገ መድረሷን እንጃ። መሬቱን በቡጢ እየደበደበ አለቀሰ።

«አግቤኮ!» ብላ ከጓዳ ተጣራች። «ድሩ አለቀ? አምጣው እስቲ ልዳስሰው።»

ምን ይበል? የተወሳሰበውን ክምር አቅፎ ገባና እጇ ላይ አኖረላት። ጣቶቿ ክሩ ውስጥ ገብተው መተላለፊያውን ፈለጉ፤ አጡት።

«ይሄን ዓይን ያለው ሰው አያደርገውም» አለች ቀስ ብላ። «ከመቼ ወዲህ ነው ልጄ?»

«ካምና ክረምት ጀምሮ ነው፣ ዳዳ።»

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ብቻህን?»

አግቤኮ እንባውን በእጅጌው ጠረገ።

«ና ቁጭ በል። በዚያ በኩል ያዝልኝ።»

ያዘላት። አንድ ክር ከሌላው ለየችና አሳለፈችለት። ደግሞ ሌላ። ሦስተኛውን አገኘችና እጇ ቆመ። አግቤኮ ጠበቀ፤ ከዚያ ክሩን ሳብ አደረገው። ጣቶቿ እንደ ያዙት ናቸው፤ ትንፋሿ ግን አይሰማም።

«ዳዳ፣ ልቀቂልኝ እንጂ» አላት።