ለማዕድን ዱቄቱ የሰጠሁትን ምስክርነት መልሼ እወስዳለሁ

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ መመስከር እፈልጋለሁ። ከሁሉ በፊት በነገሩ ውስጥ ያለን ሰዎች እነማን እንደሆንን አንድ በአንድ ልናገር፤ ማንም ሲገምት እንዳይውል። ባለቤቴ እጅጋየሁ ናት፤ እዚያ ተቀምጣለች። ልጄ ሜሮን ናት፤ ዛሬ አልመጣችም። የሜሮን ልጅ ናታን ነው፤ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። እትዬ ዘነበች ናቸው፤ ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ወንድም ተስፋልደት ነው፤ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ሱቅ ያለው። የመጨረሻው እኔ ነኝ፣ በቀለ። ስማቸውን ለመጥራት ሁሉንም ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ወንድም ተስፋልደት እምቢ ብሎኛል። ነገር ግን ያን ጊዜ ስመሰክር ስሙን ጠርቼ ነበርና ዛሬም ጠርቼ ነው የምመልሰው። አሜን ለማለት አትቸኩሉ።

ባለፈው ዓመት በዚሁ ማይክ ላይ ቆሜ ጉልበቴ ተፈወሰ ብያችሁ ነበር፤ እልል አላችሁ። ግሮቭ ሲቲ ዌርሀውስ፣ የዕቃ መጋዘኑ ውስጥ፣ ካርቶን ሳነሳ ጉልበቴ አልቆ ደረጃ የምወርደው በጎኔ ነበር። ሐኪሙ ያዘዘልኝን ክኒን አልዋጥኩም። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ የማውቀውን በራሴ አንብቤ ነው ያወቅሁት። ስለዚህ የተማረ ሰው ሲናገር ከመስማት ይልቅ ስህተቱን መፈለግ ይቀናኛል። ወንድም ተስፋልደት በፕላስቲክ ጣሳ ግራጫ ዱቄት ሰጠኝ። ከተራራ የተቆፈረ ማዕድን ነው፣ ሰውነት ያጥባል፣ የጎደለውን ይሞላል አለኝ። ሌላ ማብራሪያ አልፈለግሁም። ሰው ከአፈር ተሠራ አይደል? ከአፈር የተሠራውን አፈር ይጠግነዋል አልኩ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ መጽሐፉ አላለም። መጽሐፉ ከአፈር ተሠራችሁ ይላል እንጂ አፈር ብሉ አይልም።

አንድ ቅዳሜ በጸሎት ቡድናችን ከወንድም ተስፋልደት ያገኘናቸውን ጣሳዎች መካከላችን አስቀምጠን፣ እጅ ጭነን ጸለይንባቸው። ከዚያ በኋላ ውስጡ ምን አለ ብሎ የሚጠይቅ ጠፋ። የተጸለየበትን ነገር መጠየቅ አለማመን መሰለን። ምስር ላይም እኮ እንጸልያለን፤ ግን ጠጠሩን ለቅመን ነው የምንቀቅለው።

ጉልበቴ ተሻለው፤ ይህ እውነት ነው። በዚያው ወር ሱፐርቫይዘሬ ከካርቶን አንሥቶ ፎርክሊፍት፣ ዕቃ የሚያነሣው መኪና ላይ እንዳስቀመጠኝ ግን አልነገርኳችሁም። ልደብቃችሁ ብዬ አይደለም፤ ትዝም አላለኝ። ጉልበቴን ያሳረፈው መቀመጤ ነው። እናንተ ግን በዚያው እሑድ ከአዳራሹ ሳትወጡ ዱቄቱን ኦርደር አደረጋችሁ።

ሜሮን ያኔ ከእኛ ጋር ነበር የምትኖረው። ጠዋት የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ትሠራለች፤ እኔ የከሰዓት ሺፍት ስለሆንኩ ጠዋት ልጁን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ናታን ምግብ እምቢ ይል ነበር፤ ለመራመድም ዘገየ። ዱቄቱን ለእሱ ልስጠው ብዬ ሳሳያት ጣሳውን አገላብጣ አየችና፣ «ዳድ፣ ሁ ቴስትድ ዚስ?» አለችኝ። ማን መረመረው ማለቷ ነው።

«የፈጠረው» አልኳት።

በመልሴ ኮርቼ ለጓደኞቼ ሁሉ ደውዬ ነገርኩ። እሷ ለልጄ እንዳትሰጠው ብላኝ ወደ ሥራዋ ሄደች። እኔ ግን የወለድኳት ልጅ በቤቴ ልታዘኝ ነው እንዴ ብዬ፣ በየጠዋቱ ከአጥሚቱ ጋር እየበጠበጥኩ አጠጣው ጀመር። እጅጋየሁ አንድ ቀን ልጅቷ አትስጠው ብላለች እኮ አለችኝ። ዝም በይ አልኳት፤ ዝም አለች። የቤቴን ዝምታ ሰላም ነው እል ነበር።

ሜሮን ናታንን ለክትትል ክሊኒክ ስትወስደው ደሙ ተመረመረ። ሐኪሟ ለሜሮን ኮል አድርጋ፣ በደሙ ውስጥ እርሳስ የሚባለው ብረት በዝቶ ተገኝቷል አለቻት፤ ጥይት የሚሠራበት ብረት። የትንሽ ልጅ አእምሮ ላይ የሚያደርሰውንም አስረዳቻት።

ከጤና ቢሮ አንዲት ሴት ቤታችን መጣች። እርሳስ ያለበት የድሮ የቤት ቀለም ሊሆን ይችላል ብላ የመለኪያ መሣሪያዋን በየመስኮቱና በየበሩ ላይ አስጠጋች። አሻንጉሊቱን፣ ድስቱን አየች፤ በርበሬያችንን እንኳ ሳይቀር በላስቲክ ቋጥራ ወሰደች። በመጨረሻ፣ ሌላ ልጁ አፍ የሚገባ ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀች። እኔ የለም አልኩ። አልዋሸሁም ብል ማን ያምነኛል? በእኔ ልብ ግን፣ በዚያ ቤት ውስጥ ሊጎዳው የማይችል አንድ ነገር ቢኖር ያ ዱቄት ነበር። እጅጋየሁ ተነሥታ ከፍሪጁ አናት ጣሳውን አወረደችና ሴትዮዋ ፊት አስቀመጠችው።

ውጤቱ መጣ። ቀለሙ ደህና፣ ድስቱ ደህና፣ በርበሬው ደህና። እርሳሱ የተገኘው እጅ በጫንንበት ጣሳ ውስጥ ነው።

ሜሮን ከእኔ ጋር ስትጣላ ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። ያን ቀን ግን በአማርኛ፣ ቀስ ብላ፣ «አባዬ፣ አትስጠው አላልኩህም?» አለችኝ። በወሩ መጨረሻ ሌላ አፓርትመንት ተከራይታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ናታንን ብቻዬን ይዤው አላውቅም። እውነቷን ነው።

ወደ ወንድም ተስፋልደት ሱቅ ሄድኩ። ንጹሕ ለመሆኑ የተመረመረበትን ወረቀት አሳየኝ አልኩት። ዱቄቱን በጆንያ ከኦንላይን እንደሚያስመጣና ቤዝመንቱ፣ ምድር ቤቱ ውስጥ በጣሳ እንደሚሞላው ያኔ ገና ነገረኝ። ወረቀቱስ ብዬ ያዝኩት።

«ጋሼ በቀለ፣ ሰው ሲጠይቀኝ የማሳየው እርስዎን ነው» አለና ስልኩን ከፈተ። እዚህ ቆሜ ጉልበቴን እያጠፍኩ ስዘረጋ የተቀረጸው ቪዲዮ ነው። «እርስዎ አይደሉ እንዴ የመሰከሩለት?»

ወንድሞች ሆይ፣ እኔ እሱን አምኜ ጠጣሁ፤ እሱ እኔን እያሳየ ሸጠ። በሁለታችን መካከል የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሳላስነሣው ተቀመጥኩ። ብዙ ዘመን ጌታን አምናለሁ ስል ኖሬያለሁ። እዚያ ወንበር ላይ ግን ያመንኩት ራሴን እንደነበር፣ የጌታን ስም የለጠፍኩት በራሴ ጣሳ ላይ እንደነበር አየሁ። ጌታ ሆይ፣ ያላወቅሁትን አውቃለሁ ማለቴን ይቅር በለኝ ብዬ አለቀስኩ። ድምፅ አልሰማሁም፤ ራእይ አላየሁም። መመለስ ይህ ከሆነ ያን ቀን ተመለስኩ። ስሙ ይባረክ።

ከዚያ ኒር ኢስት ሳይድ ሰፈር፣ እትዬ ዘነበች ቤት ሄድኩ። እሳቸው ምስክርነቴን ከሰሙ በኋላ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ትተው ዱቄቱን ይዘው ነበር፤ ስትሮክ መትቶ ቀኝ ጎናቸውን ጣላቸው። ዱቄቱ ነው የጣላቸው አልልም፤ አላውቅም። መድኃኒቱን ያስተዋቸው ግን የእኔ አፍ ነው። ይቅርታ ስጠይቃቸው፣ «እሱማ ነጋዴ ነው፣ መች አምነዋለሁ፤ ያመንኩት አንተን ነው» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ይቅር ብዬሃለሁ፤ በል አሁን ትራሴን ቀና አድርግልኝ።» ጌታ ይባረክ፤ ያን ትራስ ማቅናት ሰጥቶኛል።

ሽማግሌዎቻችን ሌላው ወንድም በእምነቱ እንዳይሰናከል በግል እንጨርሰው አሉኝ። እኔ በአደባባይ ያሳትኩትን በጓዳ አላርምም አልኩ። እስኪፈቀድልኝ ሳምንታት አለፉ፤ በእነዚያ ሳምንታት ውስጥም ጣሳው ተሽጧል። ይህን በምሬት ነው የምናገረው።

ዛሬ አመሰግናለሁ። የናታን ደም ውስጥ ያለው እርሳስ እየቀነሰ ነው፤ ይሄዳል፣ ይስቃል። ንግግር ግን ወደኋላ ቀርቷል፤ ሐኪሟም ምን እንደተጎዳ ገና ሲያድግ ነው የምናየው ብላለች። ስለዚህ ተፈወሰ ብዬ አላስጨበጭባችሁም። ሁለተኛ ጊዜ አልዋሽባችሁም። እሱን በያዘው ጌታ ግን እታመናለሁ፤ እናንተም ታመኑበት። በእሱ የሚታመን ሰው ማን መረመረው ብሎ ለመጠየቅ አይፈራም። ዱቄቱን ለልጅ የሰጣችሁ ካላችሁ እጅ አውጡ አልልም፤ በዚህ ሳምንት ደሙን አስመርምሩ። ጣሳውን አምጡልኝ፤ ጤና ቢሮ የማደርሰው እኔ ነኝ።

ምስክርነቴ ያስወጣንን ወጪም ልንገራችሁ። እናንተ ዱቄቱን የገዛችሁበትን፣ እንደነገራችሁኝ፣ ክሊኒኩን፣ ሜሮን ከሥራ የቀረችበትን፣ የቤት ለውጡን፣ እትዬ ዘነበች ለሆስፒታል ከኪሳቸው የከፈሉትን ደምሬዋለሁ። አሥራ ስምንት ሺህ አራት መቶ ዶላር ነው። ናታን በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም።