ያልተቀደደው ገጽ

ትንሿ ልጄ በስልኳ እንግሊዝኛ ታጠናለች። ከስልኩ የምትወጣው ሴት መጀመሪያ ቃሉን ትጠራለች፤ ትንሽ ዝም ብላ ትርጉሙን ትናገራለች፤ ከዚያ ምሳሌ የሚሆን ዓረፍተ ነገር ትሰጣለች። ሰውየው ትልቅ ቤት አለው። ልጅቷ ወተት ትወዳለች። ማንም የማያውቀው ሰውዬ፣ ማንም የማያውቃት ልጅ። ያቺን ድምፅ ስሰማ አፍንጫዬን የበርበሬ ሽታ ይሰነፍጠኛል፤ ተነሥቼ በሩን እዘጋለሁ። ልጄ ጩኸቱ የረበሸኝ ይመስላታል። እንዲመስላት ትቼዋለሁ።

እኔ እንግሊዝኛ የተማርኩት በሌላ ዓይነት ምሳሌ ነው።

ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ከተማዋን ያኔ አዋሳ እያልን ነበር የምንጠራት፤ ቤታችንም ከሐይቁ ብዙ አይርቅም። የእንግሊዝኛ መምህራችን ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ወጣት ነበር። በየቀኑ አምስት ቃል ይሰጠናል። የደብተራችንን ገጽ በማስመሪያ ሦስት ቦታ እንከፍለዋለን፤ በግራ ቃሉ፣ መሃል ላይ የአማርኛ ትርጉሙ፣ በቀኝ በኩል ባለው ሰፊ ቦታ ዓረፍተ ነገሩ። ከመጽሐፍ የገለበጠ ዜሮ ያገኛል። «ከቤታችሁ አምጡ» ይለን ነበር። «እናታችሁ ዛሬ ምን ሠራች? ጎረቤታችሁ ምን አለ? ያልኖራችሁበት ቃል ነገ ከጭንቅላታችሁ ይበናል።»

እኛም አመጣንለት። የማን አባት ሰክሮ እንደገባ፣ የማን እናት ከማን ጋር እንደተጣላች፣ የማን ቤት ያለ ራት እንዳደረ፣ ያ ሰው በእኛ የተሳሳተ እንግሊዝኛ ሁሉንም ያውቅ ነበር። በቀይ እስክሪብቶ አርሞ ይመልስልናል። አሥር ከአሥር ግን ለማንም አይሰጥም፤ ዘጠኝ ላይ ይቆማል። ዘጠኟን ደግሞ ብዙ ጊዜ የምትወስዳት አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ነበረች። አባቷ የቀበሌያችን ጸሐፊ ነው። ይህን አሁን አይደለም የሰማሁት፤ ያኔም አውቅ ነበር።

በዚያው ዓመት ወንድሜ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ የማትሪክ ነጥቡ ሳይሞላለት ቀረ። ጊዜው የብሔራዊ ውትድርና ነው። ለቀበሌው የሚልከው ሰው ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ሥራም ትምህርትም የሌለው ወጣት ቀድሞ ይጻፋል። ከሰፈራችን ልጆች በመኪና ሲጫኑ አይተናል፤ ሲመለሱ ያየናቸው ግን ጥቂት ናቸው። እናቴ አባቴን ከቀበረች ወዲህ በበርበሬ ንግድ ነበር የምታሳድገን። ለሰው ሁሉ ወንድሜ ወደ አጎቱ አገር ሄዷል ብላ አስወራች። እሱን ግን ዕቃ ቤት፣ ከዛላ በርበሬው ጆንያ ኋላ አስገባችው።

ዕቃ ቤቱ መስኮት የለውም። በቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን እንደ ክር ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ በየክሩ ውስጥ ቀይ አቧራ ይንሳፈፋል። ዓሣ ገበያ ሲለቅም የዋለ አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ ጣሪያው ላይ ሲያርፍ እርምጃው የሰው ኮቴ ስለሚመስል ሦስታችንም ትንፋሻችንን እንውጣለን። ማስነጠስ ክልክል ነበር። ወንድሜ ሲመጣበት ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ ያፍናል። ዓይኖቹ ሁልጊዜ ቀይ ነበሩ።

«እዚያ በጥይት፣ እዚህ በበርበሬ» ይለኛል ድምፁን ሳያሰማ እየሳቀ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ምሳውን ይዤለት እገባለሁ። «እሺ ፕሮፌሰር፣ ዛሬ ምን አመጣሽ?» ይላል። ሽፋኑ የወለቀ መዝገበ ቃላት ነበረው። ቃላቱን ያስጠናኛል፤ በደብተሬም ጠርዝ ላይ በእርሳስ ጥቃቅን ማረሚያ ይጽፍልኛል። ቀኑን ሙሉ የሚጠብቀው ያቺን ሰዓት ነበር።

አንድ ቀን ከአምስቱ ቃላት የአንዱ ትርጉም መደበቅ ሆነ። ድመቷ ዓሣውን ደበቀች ብዬ መጻፍ እችል ነበር። አልጻፍኩም። እንግሊዝኛ ለእኔ ማንም የማይገባበት ክፍል ነበር፤ እናቴ አታነበውም፣ ጎረቤቶቻችን አያነቡትም፣ የቀበሌው ማኅተም እንኳ በአማርኛ ነው። ወንድሜን ሳላሳየው፣ ጠዋት ትምህርት ቤት ደጃፍ ተቀምጬ እንዲህ ስል ጻፍኩ፦ እናቴ ወንድሜን ከበርበሬው ጆንያ ኋላ ደብቃዋለች፤ እሱ ደግሞ ማስነጠሱን ይደብቃል።

አሥር ከአሥር አገኘሁ። ከሥሩ በቀይ «ሕያው ነው» የሚል ተጽፎበታል። መምህሩ አልጠራኝም፣ ጆሮዬ ላይ አንዲት ቃል አላለኝም። ግሱን ብቻ ነው ያየው። በቅርብ ዓመታት አንድ ቀን ጡረታውን ሊቀበል ተሰልፎ አገኘሁትና እጄን ይዞ፣ «ጎበዝ ነበርሽ፤ ዓረፍተ ነገሮችሽ ይተነፍሱ ነበር» አለኝ። የቱን እንደሚያስታውስ ጠየቅኩት። አንዱንም አያስታውስም።

ወንድሜ ግን በዚያው ቀን አየው። ደብተሩን እየገለጠ ሲስቅ ቆይቶ እዚያ ገጽ ላይ ሲደርስ ሳቁ ቆመ።

«ይሄን ማን አየ?»

«ቲቸር ብቻ።»

«ቅደጂው። አሁኑኑ ሄደሽ ምድጃ ውስጥ ክተቺው።»

ደብተሩን ይዤ ወጣሁ። ምድጃው አጠገብ ቆሜ ገጹን ያዝኩት። ቀዩን አሥር አየሁት። ከዚያ ደብተሩን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ማታ ራቱን ሳቀብለው በጆንያዎቹ መሃል፣ «ቀደድሽው?» አለኝ። «ቀድጄዋለሁ» አልኩት።

ያቺ ዘጠኟን የምትወስደው የጸሐፊው ልጅ በዚያ ሳምንት ወባ ይዟት ቀርታ ነበር። ዓርብ መጣችና ያመለጧትን ቃላት ለመገልበጥ ደብተሬን ለመነችኝ። ሌላ ሰው ጠይቂ ማለት እችል ነበር። ሰጠኋት። ለምን እንደሰጠኋት ራሴን ስጠይቅ የኖርኩ እንዳይመስላችሁ፤ ምክንያቱን ያኔውኑ አውቀዋለሁ። አሥሩን እንድታይልኝ ነው።

ሰኞ ዕለት ደብተሬን ስጠይቃት ዓይኔን ሳታይ፣ «ረሳሁት» አለችኝ።

ማክሰኞ ለምሳ ስመለስ ግቢያችን ውስጥ ሦስት ሰዎች ቆመዋል። ደብተሬን የያዘው ራሱ ጸሐፊው ነው፤ በንጉሡ ዘመን ፈረንጅ እርሻ ላይ ሠርቶ ስለነበር እንግሊዝኛ ያነባል። ጮክ ብሎ አነበበው፤ ከዚያ ለእናቴ ቃል በቃል ተረጎመላት። እናቴ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። አፌን ልከፍት ስል የዕቃ ቤቱ በር ተከፈተ። ወንድሜ ፀጉሩ ድረስ ቀይ አቧራ ለብሶ ወጣ።

«ዓረፍተ ነገሩ የኔ ነው» አለ። «የማስጠናት እኔ ነኝ። ቢሰለቸኝ ለቀልድ ሰጠኋት። እሷ ገለበጠችው እንጂ ትርጉሙን እንኳ አታውቀውም።»

ጸሐፊው በገጾቹ ጠርዝ ላይ ያለውን የእርሳስ ጽሑፍ አየ፤ አመነው። እናቴ፣ «እውነት ነው?» አለችኝ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

ያኔ ወንድሜ አስነጠሰው። ስንት ሳምንት ያፈነውን ሁሉ፣ ደጋግሞ፣ ግቢው እስኪያስተጋባ። እናቴም በልማድ፣ «ይማርህ» አለች። ሲወስዱት በአጠገቤ አለፈና ጉንጬን በመዳፉ ነካ አደረገኝ። መቅደድ አለመቅደዴን አላነሣም። የእጁ በርበሬ ጉንጬን እስኪመሽ አቃጠለኝ፤ አልታጠብኩትም።

ከማሠልጠኛ አንድ ደብዳቤ ጻፈልን። ከዚያ በኋላ መርዶ አልመጣም፤ እሱም አልመጣም። ደርግ ወድቆ የተበተነው ወታደር በከተማችን ሲያልፍ እናቴ አስፋልት ዳር ቆማ የእያንዳንዱን ፊት ታይ ነበር።

የጸሐፊው ልጅ አሁን መሃል ከተማ ሱቅ አላት፤ ለቅሶ ቤት እንገናኛለን። አንድ ጊዜ ደፍራ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ «አባቴ ደብተሮቼን ሲያገላብጥ ነው ያገኘው፤ እኔ አላሳየሁትም። ጌታ ያውቃል» አለችኝ።

«ካወቀ ጥሩ» ብያት ወንበር ቀየርኩ። ሰላምታ ከልክያት ነው የኖርኩት፤ ወደፊትም አልሰጣትም። አባቷ የሰው ዕቃ ሳያገላብጥ እንደማይውል እኔ አውቅ ነበር፤ እሷም ታውቅ ነበር።

እናቴ ግን ጸሐፊውንም፣ ልጁንም፣ መምህሩንም አልረገመችም። የተቀየመችው ወንድሜን ነው። ፎቶው ፊት ቆማ፣ «እኔ ስደብቅህ አንተ በቀልድ ራስህን ትሰጣለህ?» ትለው ነበር፤ ሲከፋትም ፎቶውን ፊቱን ወደ ግድግዳ ታዞረዋለች። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው በሌለበት ሰዓት እመልሰዋለሁ። ከዚያ በላይ ያደረግሁት ነገር የለም።

በመጨረሻ ሕመሟ ጊዜ እኔ ነበርኩ የማስታምማት። አንድ ከሰዓት ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ፣ «ምን ነክቶት ጻፈው ግን?» አለችኝ። ስለ ምን እንደምትጠይቅ አላጣሁትም።

«ልጅነት ነው፣ እማዬ» አልኳት።

«ሃያ ዓመቱ ነበርኮ። የምን ልጅነት?»

ጋቢዋን እስከ አንገቷ ሳብኩላት። እሷም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።