የመምህር አካለ ወልድ ግማሽ ስንኝ

መምህር አካለ ወልድ ፊዚክስን በግጥም ያስተምሩ ነበር። አባታቸው ሞጣ ላይ ወንበር ዘርግተው ቅኔ የሚያስተምሩ የኔታ ናቸው፤ «በዜማ ያልገባ ነገር ከልብ አያድርም» ይሉ ነበር አሉ። ልጅየው ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ ኤሌክትሪክ ተምረው ቢወጡም ይህችን የአባታቸውን ቃል አልጣሏትም። በ1986 ዓ.ም. ቢቸና ተመድበው ከመጡ ወዲህ ታላላቆቻችን የኦምን ሕግ ከገበያ እህል ተሸክመው ሲመለሱ ያንጐራጉሩት ነበር፦

ግፊት ሲበረታ ጅረቱ ይሞላል፣
እንቅፋት ሲበዛ ወንዙም ይጐድላል።

እኛ ደግሞ ዘግይተን ደረስን። በ1997 ፕላዝማ መጣ።

ሰፊው ጥቁር መስታወት በብረት ሳጥን ሆኖ ከሰሌዳው ጎን ቆመ። ትምህርቱ ከአዲስ አበባ በሳተላይት ይመጣል። የማናውቀው ሰው በማናውቀው እንግሊዝኛ ግማሽ ሰዓት ይናገራል፤ ጥያቄ ይጥልና አሥር ሰከንድ ቆጥሮ ራሱ ይመልሳል፤ ከዚያ «በጣም ጥሩ!» ብሎ ያመሰግነናል። ማን መለሰና! ለመምህር አካለ ወልድ የተተወላቸው ከስርጭቱ በፊት አምስት ደቂቃ፣ ከስርጭቱ በኋላ አምስት ደቂቃ ነው። በመካከሉ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከመስኮቱ ሥር ይቆማሉ። ዓይናቸው ከአንዳችን ፊት ወደ አንዳችን ፊት ይዞራል። ማን እንደጠፋ፣ የቱ ጋ እንደጠፋ ያውቁታል። ግን ምን ያድርጉ? ወንዝ የወሰደውን ሰው ከዳር ሆኖ እንደማየት ነው።

አንድ ጊዜ፣ በ1998፣ አላስችል ብሏቸው ማጥፊያውን ተጫኑትና ስምንት ደቂቃ በጠመኔ አስተማሩ። በማግሥቱ ርእሰ መምህሩ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጧቸው፤ ስርጭት አቋርጠዋል ተባለ። በዚያች ደብዳቤ ምክንያት ወደ ሞጣ የጠየቁት ዝውውር ቀረ። ዝውውሩን የፈለጉት ለሌላ አልነበረም፤ አባታቸው ዓይናቸው ጠፍቶ፣ ተማሪዎቻቸው ተበትነው፣ ብቻቸውን ቀርተው ነበር።

ጥሩአየሁ ወደ ክፍላችን የመጣችው በዓመቱ ነው፤ አሥረኛ ክፍል። ከሁላችንም ትበልጣለች፣ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። የመጣችው ከግንደወይን ገጠር ነው። እርሻውን የያዘው ወንድሟ ሰማው፣ «አንድ ዓመት ያላንቺ እችለዋለሁ፤ ሁለተኛ ዓመት ግን የለም» ብሎ ነው የላካት። አሥረኛን ካለፈች ሙያ ማሠልጠኛ ትገባለች፤ የኤሌክትሪክ ሥራ ነው የምትመኘው። ከወደቀች ደግሞ ያው ናት፣ የሰማው እህት።

በመጀመሪያው ቀን ስርጭቱ መካከል ተነሥታ እጇን ወደ መስታወቱ ዘረጋች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«አንቺ! እሱ እኮ አያይሽም» አላት ታደለ፣ የክፍላችን ቀልደኛ። «አዲስ አበባ ነው ያለ!»

«እኔ እሰማው የለም እንዴ? ከሰማሁት ይሰማኛል ብዬ ነዋ።»

«ይስማሽ፣ ይስማሽ! ሰላም በዪልን!»

እርሷ ግን አልተወችም። ነገር በጠፋባት ቁጥር እጇን ታነሣለች፤ አንሥታ ትቆማለች። ታደለ ግጥም አወጣላት፤ በእረፍት ሰዓት እያጨበጨብን እንዘፍነው ነበር፦

ተናግሮ ይሄዳል ያ ባለ መስታወት፣
እጄን እንዳነሣሁ ቀረሁ በቆምሁበት።

ቆይቶ ነው የገባን። እጇን የምታነሣው ለመስታወቱ አልነበረም፤ ለመምህሩ ነበር። መምህር አካለ ወልድ እጇ በተነሣ ጊዜ ሰዓታቸውን አይተው ደቂቃውን በመዳፋቸው ላይ በእስክሪብቶ ይጽፋሉ። ስርጭቱ ሲያበቃ በአምስቷ ደቂቃ ሌላ ነገር አያነሡም። «አሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ የተባለው ይህ ነው» ብለው እዚያችው ላይ ይጀምራሉ። የእርሷ ጥያቄ የሁላችንም ጥያቄ ሆኖ ይገኛል። እንዲህ እየሆነ ዓመቱ ሄደ። እርሷም በፊዚክስ ከሞት አፋፍ ተነሥታ እንደ ሰው ቀና ማለት ጀመረች።

ግንቦት ሲጋመስ የመጨረሻው ምዕራፍ ደረሰ፤ የኤሌክትሮኒክስ መግቢያ። ለፈተና የቀረን ሦስት ሳምንት ነው። የዳዮድ ትምህርት በዓመት አንድ ቀን ብቻ ይተላለፋል። ከዚህ ምዕራፍ ጥያቄ እንደማይቀር ደግሞ የቀደሙን ሁሉ ነግረውናል።

ስርጭቱ በተጀመረ በአራተኛው ደቂቃ መብራት ሄደ።

ጩኸታችን ገበያው ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። መምህር አካለ ወልድ እንደ ሙሽራ ፈካ አሉ። ከጠረጴዛው ሥር ቀድመው ያዘጋጇትን ጣውላ አወጡ፤ ሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ አንዲት ትንሽ አምፖልና ከተሰበረ ሬዲዮ የነቀሏት የስንዴ ቅንጣት የምታክል ጥቁር ነገር።

«ይህች ናት ዳዮድ» አሉ። «ብረት ኤሌክትሪክን ያሳልፋል፣ እንጨት አያሳልፍም። ይህችኛዋ ግን በሁለቱ መካከል ካለ ነገር የተሠራች ናት። በውስጧ ሁለት ቤቶች በአንድ ግድግዳ ተያይዘዋል። በአንደኛው ቤት ኤሌክትሮን ተርፏል፤ በሌላው ቤት ቦታው ክፍት ሆኖ ሰው ይጠብቃል። እዩ እንግዲህ።»

አገናኙት፤ አምፖሏ በራች። ዳዮዷን ገልብጠው አገናኙት፤ ጨለመች። መልሰው ቢያገናኙት በራች። ታደለ እንኳ ከወንበሩ ተነሥቶ ያይ ነበር።

«ለምን? ያዙት!» አሉና ድምፃቸውን ወደ አባታቸው ዜማ መለሱት፦

አንዱ ቤት ተርፎታል፣ አንዱ ቤት ጐድሎታል፤

የጥሩአየሁ እጅ ተነሣ።

«ቆይ፣ ጥሩአየሁ፤ ሁለተኛውን ስንኝ ልጨርስና።»

መብራቱ መጣ።

መስታወቱ በርቶ ያ ሰው ከመካከል ቀጠለ፤ ሥዕል ይሥላል፣ ቀስት ያስኬዳል፣ አሥር ሰከንድ ይቆጥራል። መምህር አካለ ወልድ ጣውላቸውን እንደያዙ ወደ ሳጥኑ ሄዱ። እጃቸውን ወደ ኋላው ሲሰዱት አይተናል። ሊያጠፉት ነው አልን። አዲሱ የዝውውር ማመልከቻቸው በዚያ ሳምንት ወረዳ ላይ እየታየ መሆኑን ያን ጊዜ አናውቅም። እኛ ያየነው እጃቸውን ብቻ ነው፤ ገባ፣ ቆየ፣ ባዶውን ተመለሰ።

ወደ መስኮቱ ሥር ሄደው ቆሙ። ጥሩአየሁ እጇን አላወረደችም። ስርጭቱ እስኪያልቅ ቆማ ነበር። ያን ቀን ግን ስርጭቱ ከአዲስ አበባ ዘግይቶ ስለ ተጀመረ ያለቀው ከደወሉ ጋር ነው፤ አምስቷን ደቂቃ መዘግየቱ በልቷታል። የሚቀጥለው የሒሳብ ስርጭት ወዲያው ገባ፤ የሒሳቡ አስተማሪ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

በማግሥቱ ክፍሎች ለፈተና ዝግጅት ተዘጉ። ሰማው በዚያው ቀን መጥቶ እህቱን ለእርሻ ወሰዳት፤ ዝናብ ቀድሞ ነበር። የተመለሰችው ለፈተናው ብቻ ነው። ነሐሴ ላይ ውጤት ሲመጣ ሌላውን ሁሉ አልፋ በፊዚክስ ወደቀች። በዚያች በአንዲት ትምህርት የተነሣ ማሠልጠኛው ቀረ።

መምህር አካለ ወልድም አባታቸውን በሐምሌ ቀበሩ። የዝውውሩ ፈቃድ የመጣው መስከረም ላይ ነው። ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፤ ቢቸናም ቀሩ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ያጫወቱኝ ራሳቸው ናቸው። በ2006 የአባታቸውን የሰባት ዓመት ተዝካር ሊያወጡ ሞጣ ሄዱ። የባትሪ ድንጋይ ሊገዙ የወይዘሮ ዑሙሰልማ ሱቅ ገቡ። ሱቁ ከገጠር ለሚመጣ ሰው የፀሐይ መብራትና ሬዲዮ የሚሸጥ ነው። አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ከላይኛው መደርደሪያ መብራት ታወርዳለች። መጀመሪያ ያወቁት እጇን ነው አሉኝ፤ ፊቷን ገና አላዩም።

«ቲቸር!» አለች ዞር ብላ።

«ማን ናቸው፣ ልጄ?» አሉ ወይዘሮ ዑሙሰልማ።

«አስተማሪዬ ናቸው፣ እትዬ።»

«ታዲያ ወንበር ስጫቸው እንጂ! አስተማሪ እንዲህ ቆሞ ይቀራል?»

ተቀመጡ። ጥሩአየሁ የተመለሱ መብራቶች የሞሉበት ካርቶን ከእግሯ ሥር ጎተተች።

«ይኸው ሥራዬ፣ ቲቸር። ሰው ከመኪና ባትሪ ጋር ያገናኘዋል፤ ይጠፋበታል፤ መልሶ ለእኔ ያመጣል። ለምን እንደሚጠፋ አላውቅም። ‹በቃ አልፎበታል› እላለሁ።»

አንዱን አንሥተው ከፈቱት። «ይህችን ነጭ ፍሬ ምን ትያታለሽ?»

«አምፖል።»

«ዳዮድ ናት። የምታበራ ዳዮድ።»

ጥሩአየሁ ፍሬዋን አየቻት፤ መደርደሪያውን ሁሉ አየችው። ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። «እንግዲህ ይህን ሁሉ ዓመት ዳዮድ ነዋ የሸጥሁት።»

ከዚያ መምህሩ ሰባት ዓመት የያዙትን ጠየቁ።

«ያን ቀን እጅሽን አንሥተሽ ነበር። ምን ልትጠይቂኝ ነበር?»

«በዚያኛው በኩል ቢገፉትስ፣ ፈጽሞ አይከፈትም ወይ? ልል ነበር።»

አልረሳችውም።

«ሲገለብጡት ይዘጋል» አሏት። «ግን ኃይል ከበዛበት ግድግዳው ይበረገዳል። ያን ጊዜ ይቃጠላል፤ ከዚያ ወዲያ ዳዮድ አይደለም። እነዚህን ያቃጠላቸው እርሱ ነው፤ ቀዩንና ጥቁሩን ሽቦ ገልብጠው ለባትሪው እየሰጡት።»

«ሁለተኛው ስንኝስ?»

እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ በዝቅተኛ ድምፅ፣ አሉላት፦

አንዱ ቤት ተርፎታል፣ አንዱ ቤት ጐድሎታል፤
ሰጭ ሲመጣ ገፍቶ፣ በሩ ይከፈታል።

ከንፈሯ ሲከተላቸው አዩ። አንዴ ብቻ ደገመችው፤ ያዘችው። ለመያዝ አንዴ ይበቃት ነበር።

«ማጥፊያው የት ነበር፣ ቲቸር?»

«ከኋላው። በስተቀኝ።»

«ይደርሱበት ነበር?»

«እጄ ነክቶት ነበር።»

የካርቶኑን ክዳን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። እርሳቸው ስለ አባታቸው ሊነግሯት አፋቸውን ከፍተው ተዉት። አባትን ምክንያት ማድረግ፣ ያውም በተዝካራቸው ቀን፣ ነውር መሰላቸው።

አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አጣፍተው ገቡ፤ የጠፋ መብራት ይዘዋል።

«ልጄ፣ ይኽ ነገር እንቢ አለኝ፤ ይበራልኝ ይሆን?»

ጥሩአየሁ ተቀብላ ከፈተችው። ነጯ ፍሬ መካከሏ ጠቁሯል።

«አይበራም፣ አባቴ። ቀዩን ሽቦ በጥቁሩ ቦታ አድርገውት ነው። አንዴ ከተቃጠለ አይድንም።»

ሽማግሌው መብራቱን አገላብጠው አዩት፤ ከዚያ ቀና ብለው እርሷን አዩዋት።

«ይህን ስትሸጭልኝ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

መምህር አካለ ወልድ የገዙትን የባትሪ ድንጋይ ጠረጴዛው ላይ ረስተው ወጡ።