የኦቦ ቶሎሳ ደቦ

ሥራ ያመለጠኝ መኪና ስገፋ ነው። ካቺሲ ያለ አንድ መጋዘን ቀድሞ የደረሰውን ሰው በጥበቃ እንደሚቀጥር ሰምተን፣ ሦስት ሥራ ፈላጊዎች ከአምቦ በጭነት መኪና ላይ ተሳፈርን። ከሦስታችን በዕድሜ የሚበልጡት ኦቦ ቶሎሳ መንገዱን ሙሉ ስለ ደቦ ሰበኩን። «ድካሙም ጥቅሙም የጋራ ካልሆነ አናድግም!» ጓደኛዬ ገመቹ ግን «እኔ የማምነው በኪሴ ነው» እያለ ያበሽቃቸው ነበር።

መኪናው ጭቃ ያዘው። ጫማውን አውልቆ ቀድሞ የወረደው ገመቹ ነው።

«ኦቦ ቶሎሳ፣ ደቦ ተጠርቷል እኮ! ይውረዱ እንጂ» አልኳቸው።

«አንድ ሰው ከላይ ሆኖ ማስተባበር አለበት» አሉ፣ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ። «በርቱ! አይዞን!»

ገፋን። መኪናው እንደወጣ ሹፌሩ ዳግመኛ እንዳይያዝ ፈርቶ ሳይቆም ነጎደ። እኔና ገመቹ በእግራችን ስንደርስ ኦቦ ቶሎሳ ዱላ ይዘው መጋዘኑ በር ላይ ቆመዋል።

«ቦታው ተይዟል፣ ልጆቼ» አሉን።

እኛ ወደ አምቦ ተመለስን። እሳቸው እዚያው ቀሩ።